ከመዝገብ ወደ ብረት

የቀድሞው የደቡብ ክልል ተከፋፍሎ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች በቆሙ ጊዜ፣ ለብዙ ዘመን ሐዋሳን መናኸሪያቸው ያደረጉት ቢሮዎች መዝገባቸውንና ማኅተማቸውን ሰብስበው ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሲያመሩ፣ ሠራተኛውም ጓዙን ጠቅልሎ ይከተል ዘንድ ግድ ሆነበት። አብዛኛው ተከተለ። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቁኝ፣ ልጆቻቸውን ከጀመሩት ትምህርት ቤት ማስወጣት፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ በስንት ቁጠባ ያቆሙትንም ቤት ለተከራይ መተው ስላልሆነላቸው፣ የመንግሥትን ሥራ ተሰናብተው በእጃቸው ለመኖር የቈረጡት ጥቂቶች ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ ወዳጄ ነው። ለረጅም ዓመታት በሒሳብ ሹምነት ሲያገለግል የኖረ፣ ፊርማው ያላረፈበት የወጪ ሰነድ ዋጋ ያልነበረው ሰው፣ ዛሬ በአንድ የብረታ ብረት ቤት በርና መስኮት ይበይዳል። ሙያውን ያስተማረው፣ በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ «ጋሼ፣ ጭንብሉን ያውርዱ እንጂ፤ ዓይንዎ ይጠፋል!» እያለ በአክብሮት ይቈጣዋል፤ እርሱም «እሺ አለቃ» ብሎ ይታዘዛል። በመጀመሪያው ሰሞን ኤሌክትሮዱ ከብረቱ ጋር እየተጣበቀ አልላቀቅ ይለው፣ ኃይሉን ጨመር ሲያደርግ ደግሞ ስሱን ቱቦላሬ እየበሳበት ይቸገር ነበር፤ ሌሊትም ዓይኖቹ አሸዋ እንደ ተነሰነሰባቸው ሆነው እንቅልፍ ይነሡት ነበር። አንዱን ማዕዘን በይዶ ጨርሶ ወደ ሌላው የተሻገረ ሰው፣ ሙቀቱ ብረቱን እየሳበ በሩን እንደሚያጣምምበት፣ ስለዚህም አስቀድሞ አራቱንም ማዕዘን በነጥብ አያይዞ፣ ከማዕዘን ወደ ትይዩ ማዕዘን በሰያፍ በሜትር ለክቶ፣ ሁለቱ ልኮች እኩል መሆናቸውን ሳያረጋግጥ ብየዳውን መቀጠል እንደማይገባው የተረዳው፣ አንድ ሙሉ በር ካበላሸ በኋላ ነው። የቀድሞው ሙያውም ከንቱ አልቀረም፤ 6 ሜትር ርዝመት ያለውን ቱቦላሬ ቍርጥራጭ ሳይተርፈው ለስንት መስኮት እንደሚያብቃቃው አስቀድሞ በወረቀት እያሰላ ስለሚቈርጥ፣ ዛሬ አለቃው ራሱ ያለ እርሱ ምክር ብረት አይገዛም። ወላጅ እናቱ ግን ለዕድር ጎረቤቶቻቸው «ልጄ ድርጅት ከፍቷል» ብለው ማውራታቸውን አላቆሙም።

እኒህን እናት ለመውቀስ የሚደፍር ካለ አስቀድሞ ታሪኩን ይመልከት። ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ከሾሙ በኋላ፣ በዚያው ዓመት፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ ሁሉ ንጉሠ ነገሥቱን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር ዐዋጅ አስነገሩ። ከሁለቱ ሥርዐቶች የሚኒስትሩ ጠረጴዛ ቍጥሩ እየበዛ እስከ ወረዳና እስከ ቀበሌ ሲደርስ፣ የእጅ ባለሙያው ክብር ግን ከዐዋጁ ቃል ብዙም ሳይርቅ ቀረ። እዚሁ በሲዳማ ምድር እንኳ፣ የሰው ሁሉ ወጥ የሚሠራበትን ሸክላ የሚያበጁት ሐዲቾዎች እስከ ቅርብ ዘመን በማዕድና በጋብቻ ተለይተው ይኖሩ እንደ ነበር ሽማግሎች ያውቁታል።

በዚያ ዐዋጅ ውስጥ፣ ጠንቋይ እየተባለ ይታማ የነበረው ጸሐፊም አብሮ መጠቀሱ ዘወትር ያስገርመኛል። ቁም ጸሐፊ ማለት የፍየሉን ቆዳ ወጥሮና ፍቆ ብራና የሚያደርግ፣ ጥቍሩንና ቀዩን ቀለም የሚበጠብጥ፣ ብርዑን ከመቃ የሚቀርጽ፣ ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላም ጕልበቱ ላይ ደግፎ የሚጽፍ ሠራተኛ ነበርና፣ በሀገራችን መጻፍና በእጅ መሥራት የተለያዩት በቅርቡ፣ ከቢሮ ጋር ነው። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ሲሰብክ፣ ሐዋርያነቱ በመርፌው አልጐደለበትም።

ከተማችን ሐዋሳ ራሷ ስትቈረቈር፣ በ1950ዎቹ መግቢያ ገደማ፣ ስማቸው ከምሥረታዋ ጋር የሚነሣው ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም፣ ኋላ ትግራይን ሲያስተዳድሩ በገዛ እጃቸው ቡልዶዘር እየነዱ መንገድ ያሠሩ ነበር። መስፍን ያላፈረበትን ሥራ የቢሮ ሠራተኛ የሚያፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ትምህርታችን ነው፤ ለብዙ ዓመታት የ10ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱ ለመሰናዶ ያልበቃው ወጣት ወደ ቴክኒክና ሙያ ሲመደብ ስለ ኖረ፣ ተግባረ እድ የወደቁ ሰዎች መጠጊያ ነው የሚለው ሐሜት የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት መሰለ።

ይህን ስል የእጅ ሥራ ሁሉ ቡሩክ ነው ማለቴ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከጧት እስከ ማታ አንድ ዐይነት ስፌት ብቻ ስትሰፋ የምትውለው ወጣት፣ በጥቂት ምንዳ የምትደክመው በእጇ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ የአጎዋን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ስትከለክል ብዙ ሥራ የታጠፈውም ከዚያው ነው። ባለሙያ የምለው፣ ሥራውን ከልኬቱ እስከ ቀለሙ በራሱ የሚያውቅ፣ ተጫርቶም ዋጋውን የሚቈርጥ ሰው ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የብረት ዋጋ ሲወደድ ወዳጄ የበሩን ዋጋ ከፍ ማድረግ ችሏል፤ ደመወዙን ከፍ ማድረግ የሚችል የሒሳብ ሹም ግን አላየሁም።

እንግዲህ የእርሱን መንገድ ሊከተሉ ሽተው የሚጠይቁኝ አሉ። ለእነርሱ የምመልሰው፣ መልቀቂያ ከማስገባታቸው በፊት የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ያለ ክፍያ በአንድ ብረት ቤት በረዳትነት ይዋሉ፣ ወገባቸው፣ ዓይናቸውና ትዕግሥታቸው ይችለው እንደ ሆነ ይመርምሩ፣ የቤተ ሰባቸውንም የስድስት ወር ቀለብ አስቀድመው ያኑሩ ነው። ጭንብሉንም ከራሳቸው ኪስ ይግዙ፤ የብረት ቤቱ ጭንብል አንድ ነው፤ ሁሉም ይፈልገዋል፤ መስታወቱም ተሰንጥቋል።