የአርባ አራቱ ክፍል ሥዕልና የልጆች ጥያቄ

በዛሬው ዓምዳችን ስለ አንድ ሥዕል እንነጋገራለን። በብዙ ሰው ቤት ተሰቅሎ ይታያል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበው ሰው ጥቂት ነው። ይኸውም የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በትንንሽ አራት ማዕዘን ክፍሎች ተራ በተራ የተሣለበት ሸራ ነው። ክፍሎቹ ብዙውን ጊዜ 44 ናቸው፤ ከዚያ የሚያንስም አለ። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ የቤተ ክርስቲያንን አሣሣል የተማሩ ሠዓሊዎች ለእንግዶች ይሸጡት ጀመር፤ አሁንም ይሸጣል። የሚነበበውም እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ሲሆን፥ አንዱ ረድፍ ሲያልቅ ወደ ታችኛው ይወረዳል።

በአሰላና በዙሪያው ባለው ደጋ፥ ከጭላሎ ተራራ ብርዱ በሚወርድበት ማታ፥ ቤተ ሰብ የገብስ ቆሎ ይዞ እሳት ዳር ሲቀመጥ የአማራው ልጅ «እንቆቅልሽ» ይላል፤ የኦሮሞውም ልጅ በሂቦ ይጫወታል። መልሱ የጠፋበት ሀገር ይሰጣል። በዚህ ሥዕል ፊት ግን ሀገር የሚሰጡት ልጆች አይደሉም፤ አባቶች ናቸው።

የልጆች የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዘንዶው ነው። ታሪኩ የንግሥት ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሰዎች ለእባብ ሲሰግዱ ለምን ይታያሉ? ማንበብ የሚያውቅ አባት ክብረ ነገሥትን አውጥቶ 117ቱን ምዕራፍ ቢያገላብጥ ይህን ዘንዶ አያገኘውም፤ ስለዚህም «ሠዓሊው ተሳስቷል» ብሎ ይፈርዳል። ይህ የተቸኰለ ፍርድ ነው። ዘንዶው አርዌ ይባላል፤ የመጣውም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአፍ ነው። የአክሱም ሽማግሎች እንደሚተርኩት አርዌ ንጉሥ ሆኖ ከብትና ልጃገረድ እየተገበረለት ሲኖር፥ አንጋቦ የተባለ ሰው መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ገደለውና በምትኩ ነገሠ፤ ማክዳም የእርሱ ልጅ ናት።

ሌላም አተራረክ አለ። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1904 በትግረ ቋንቋ የተነገረውን ታሪክ አሳትሞ ነበር። በዚያ ዘንዶውን የገደሉት ሰባት ቅዱሳን ናቸው፤ ለዘንዶው ልትሰጥ ከዛፍ ታስራ በነበረችው ልጃገረድ ተረከዝ ላይ ደሙ ቢንጠባጠብ ተረከዟ የአህያ ሆነ። መጽሐፉ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም የሄደችው ነጋዴው ታምሪን ያወራላትን ጥበብ ለመስማት ነው ይላል፤ ይህ ተረት ግን እግሯን ለመፈወስ ነው ይላል። የእግሩን ነገር የሰማ ልጅ መልሱን ከእስላም ጎረቤቱም ሊጠይቅ ይችላል። በቁርዓን በ27ኛው ሱራ በቁጥር 44 ንግሥቲቱ የመስተዋቱን ወለል ውሃ መስሏት ልብሷን ከእግሯ ገለጥ እንዳደረገች ተጽፏል፤ ብልቂስ ብለው የሚጠሯት ተራኪዎችም ስለ እግሯ ብዙ ጨምረዋል። እንግዲህ አንዱ ቤት የጐደለው ቃል ከአጥር ማዶ ባለው ቤት ይገኛል ማለት ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ አጥሩ ሩቅ አይደለም።

የዓይኑ ጥያቄ ቀላል ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ደግ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካች መልሶ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉው በጐን፥ ባንድ ዓይን ብቻ ይታያል። ይህን ያወቀ ሕፃን ጽሑፍ ሳያነብ ጠላቱን ከወዳጁ ይለያል።

የሚከብደው የእራቱና የውሃው ክፍል ነው። እናቶች እዚህ ሲደርሱ ፈጥነው ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹም በእጃቸው ይሸፍኑታል። እኔ ግን፥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ መሐላ ሲጻፍና ሲፈርስ በየቀኑ ስለማይ፥ ለልጅ ከሚነገሩት ክፍሎች ሁሉ ይህ ይበልጣል እላለሁ። ንጉሡ በግድ እንዳይነካት ማለ፤ እርሷም ከቤቱ ንብረት አንዳች እንዳትወስድ ማለች። እርሱም የሚያስጠማ መብል አብልቷት ነበርና ሌሊት ውሃ ለመጠጣት ስትነሣ ያዛት፥ መሐላሽን አፈረስሽ አላት። ውሃ ከንብረት ይቈጠራልን? ንጉሡ ከውሃ የሚበልጥ ሀብት የለም ብሎ ተከራከረ፤ እርሷም ተረታች። በሕግ ዓይን ስመለከተው ግን ሆን ብሎ ያስጠማ ሰው የጥሙን ፍሬ ሊጠይቅ አይገባውም። ከልጅዎ ጋር ይከራከሩበት፤ ሴቶች ልጆች ለማን እንደሚፈርዱ መስማትም ይጠቅማል። (መብሉን ሁሉ ሰው ቀይ ወጥ ነው ብሎ ይተርካል፤ በርበሬ ግን ከአሜሪካ ምድር የተገኘ ተክል ስለ ሆነ፥ ኮሎምቦስ በ1492 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባሕሩን ከመሻገሩ በፊት በሰሎሞን ገበታ ሊኖር አይችልም።)

ወደ መጨረሻው ምኒልክ አባቱን ፍለጋ ይሄዳል። በትግረው ተረት ሰሎሞን ሌላ ሰው በዙፋኑ ላይ አስቀምጦ እርሱ ጨርቅ ለብሶ በፈረሶች በረት ይገኛል፤ ልጁም በመስተዋት ያየውን የራሱን መልክ ከዙፋኑ ሳይሆን ከበረቱ ያገኘዋል። ይህን ያልሰማ ሰው «ንጉሥ በረት ውስጥ ምን ይሠራል?» ማለቱ አያስደንቅም። የዚህ ልጅ ዘር ነገር በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር፤ ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ቀረ፤ ሥዕሉ ግን አልቀረም።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ከየክፍሉ በታች አንዲት መሥመር ጽሕፈት አለች። በአሰላም በሌላም ስፍራ ሸራውን ለመስተዋት ክፈፍ እንዲመች ብለው ይህችን መሥመር አጥፈው ወይም ቈርጠው የሚሰቅሉ ሰዎች አይቻለሁ። ጽሕፈቱ የጐደለ ሥዕል ምን እንደሚሆን ለማወቅ የባዮ ጥልፍ የተባለውን የፈረንጆች ሥራ ማሰብ ይበቃል። በበፍታ ላይ በሱፍ ክር የተጠለፈ፥ ርዝመቱ 70 ሜትር ያህል የሆነ፥ በ1066 የኖርማንዲ መስፍን እንግሊዝን እንዴት እንደ ያዘ የሚናገር ነው። በአንዱ ክፍል አንድ ካህን የአንዲት ሴት ፊት ሲነካ ይታያል፤ ጽሕፈቱም ካህኑንና ኤልፍጊቫ የተባለችውን ሴት ይጠራና ምን እንዳደረጉ ሳይናገር ያቆማል። ግሡ የለም። በዘመኑ ወሬውን ሁሉም ያውቀው ስለ ነበር መጻፍ ያላስፈለገ ይመስላል፤ ከ900 ዓመት በላይ አልፎ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ።

በእኛም አገር ከሻሸመኔ ወደ ኮፈሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የአርሲ ሰዎች መቃብር በቀለም አጊጦ ይታያል፤ ሟቹ በፈረስ ላይ ጦር ይዞ፥ ከብቶቹም ተሥለው። የትኛው ከብት ለምን እንደ ተሣለ ልጆቹ ያውቁታል፤ ከልጅ ልጅ በኋላ የሚያውቀው እንዲኖር ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ስለዚህ ሸራ በቤታችሁ ያለ እንደ ሆነ ክፈፉን አስለቅቃችሁ የታጠፈውን ግለጡ። ጽሕፈቱ የተቈረጠ ከሆነ ደግሞ ታሪኩን የሚያውቁ አዛውንት ሳሉ 44ቱን ክፍል በቁጥር እያስነገራችሁ በደብተር ጻፉት፤ ሁለት አዛውንት የተለያየ ቢናገሩ ሁለቱንም ጻፉ፥ አንዱንም አትሰርዙ። ደብተሩንም ከሥዕሉ ጀርባ በክር እሰሩት።