የቁስል መድኃኒት ለጥም

ለተራራ ጉዞ ዕቃ ሲቆጠር አዮዲን አሁንም አይቀርም። ምክሩ አጭር ነው፦ ከምንጭም ሆነ ከሐይቅ ቅዳ፣ አዮዲን ጣልበት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ ጠጣ። ክኒኑን ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣዋል፤ እሱን ያጣ ደግሞ ፋርማሲ ሄዶ ለቁስል የሚሆነውን ይገዛና ጠብታ ይቆጥራል። ይህ ምክር በየትም አገር ያረጀ ነው ባይ ነኝ። አዊ ውስጥ ካለው ዘንገና ሐይቅ ሲደርስ ግን አገሩን ጨርሶ ያላየ ሰው ምክር ይሆናል።

ክኒኑ የተሠራው ለወታደር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር ኮዳ ውስጥ የሚጣል ነገር ሲፈልግ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አዮዲንን በክኒን መልክ አዘጋጁለት። ለዚያ ችግር ጥሩ መልስ ነበር። ባክቴሪያን ይገድላል፣ ቫይረስን ይገድላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ውስጥ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ላይ እንደተነሳው ዓይነት ኮሌራ ባለበት ቦታ ሌላ ምንም የሌለው ሰው አዮዲን ቢጠቀም አልነቅፈውም። የምነቅፈው ለክፉ ቀን የታሰበውን ነገር የዘወትር ስንቅ ያደረገውን ልማድ ነው።

ዘንገና ከኢንጅባራ ብዙ ሳይርቅ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ የሚያታልለውም ጥራቱ ነው። አካባቢው ከብት አርቢ፣ በግ አርቢ፣ ከሁሉም በላይ የፈረስ አገር ነው። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ኢንጅባራ ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ከብት በዋለበት ዝናብ ሲጥል እበቱ ወደ ምንጩና ወደ ጅረቱ ይታጠባል። ከእበቱ ጋር፣ በተለይ ከጥጃ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ጥገኛ ተውሳክ ይወርዳል። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አዮዲን አይበግረውም። ጃርዲያም ቢሆን እንደ ባክቴሪያ በቀላሉ አይሞትም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝማ ጭራሽ ይብሳል። የግማሽ ሰዓቱ ቀጠሮ የወጣው ለብ ላለ ውሃ ነው። ማለዳ የተቀዳ፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ የአዊ ደጋ ውሃ ከዚያ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። ተጓዡ ግን ሰዓቱን እያየ ቀድሞ ይጎነጫል፤ ከሳምንት በኋላ ሆዱን ሲቆርጠው በምሳው ያሳብባል።

የአጠቃቀሙ ነገር ሌላ ጉድ ነው። ኮዳው ሲቀዳ ያልታከመ ውሃ በክዳኑ ክር ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ክዳኑን ላላ አድርጎ፣ ኮዳውን ዘቅዝቆ፣ የታከመው ውሃ ክሩን እንዲያጥበው ማድረግ ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ስንቱ ነው? ከዚያ ጣዕሙ ይመጣል፤ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል። እሱን ለማጥፋት የብርቱካን ዱቄት ይበተንበታል። በዱቄቱ ያለው ቫይታሚን ሲ አዮዲኑን ወደ አዮዳይድ ይለውጠዋል፤ ቡናማው ቀለም እልም ይላል፣ ጀርም የመግደል ኃይሉም አብሮ ይጠፋል። ቀድሞ የተበተነ እንደሆነ ሰውየው የሚጠጣው ያልታከመ ውሃ በብርቱካን ነው። የሚብሰው ግን ሌላ ነው፦ ጣዕሙ ጠፋ ማለት አዮዲኑ ከውሃው ወጣ ማለት አይደለም። አዮዳይዱን አንጀት ይቀበለዋል፤ እንቅርት ዕጢም ድርሻውን ይወስዳል።

ዋናው ክርክሬም እዚህ ላይ ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም ነው። አንዱ የታወቀ ክኒን መመሪያው እንደሚያዘው ሁለት ሁለት ሆኖ በአንድ ሊትር ሲገባ 16 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል፤ የቀኑን ፍላጎት ከመቶ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በእግር የሚጓዝ ሰው ደግሞ በአንድ ሊትር አይመለስም። ጤነኛ ዕጢ ለጥቂት ቀን ይችለዋል። ለወራት ሲሆን ምን እንደሚመጣ ኒጀር የነበሩ የአሜሪካ ፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች አሳይተዋል፦ አዮዲን ባለበት ማጣሪያ ሲጠጡ ቆይተው ብዙዎቹ እንቅርት አወጡ፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት ላይ ታትሟል።

እኛ አገር ታሪኩ ከዚህም ይጠልቃል። የደጋው አፈር አዮዲኑ በዝናብ ታጥቦ ያለቀ ነው፤ እንቅርትም የቆየ የደጋ በሽታ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መነሣት በ1990 ዓ.ም. የኤርትራን ጨው ሲያስቀር፣ ገበያውን የሞላው የአፍዴራ ጨው ለዓመታት አዮዲን አልነበረውም። ሁሉም የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝዘው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እንግዲህ በዚያ መሀል ያደገ ትውልድ ዛሬ ቦርሳ አንግቶ ተራራ የሚወጣው ነው፤ መንገድ የሚመራውም እሱ ነው። ለዓመታት አዮዲን የተራበና ጓል ያወጣ ዕጢ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲጎርስ ከልክ በላይ ሊሠራ ይችላል፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ነፍሰ ጡርና የዕጢ ሕመም ያለበት ሰውማ ጨርሶ እንዳይነካው የሐኪሞች ምክር ነው። ኮዳውን ለጓዶቹ ሲያዞር ግን ይህን ቀድሞ የሚጠይቅ የለም።

የአውሮፓ ኅብረት አዮዲን ለመጠጥ ውሃ ማከሚያነት እንዳይሸጥ ያገደው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። መርዝ ነው ብሎ አይደለም፤ ለዚህ አገልግሎት በማስረጃ ደግፎ የሚከራከርለት አምራች ስላልተገኘ ነው። ሻጩ የተወውን ምክር እኛ ለምን እንጠብቀዋለን?

«ታዲያ ምን እንጠጣ?» ለሚለው መልሱ መንገድ ዳር ቆሟል። የፋግታ ለኮማና የባንጃ ገበሬ ዲከረንስ የሚሉትን ግራር ተክሎ ከሰል ያከስላል፤ አፉ በሣር የተደፈነ ጆንያ ከአስፋልቱ ዳር ተደርድሮ ይሸጣል። ተጓዡ ያንን ሁሉ ማገዶ አልፎ ነው የአዮዲን ብልቃጡን የሚያወጣው። «ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ በደንብ አይሞቅም» የሚለው ክርክር ውሃ አያነሳም። በዘንገና ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለክሪፕቶስፖሪዲየምም ለጃርዲያም ይበቃል፣ ይተርፋልም። ለከፍታው ሲባል ሦስት ደቂቃ ማንተክተክ ነው። ማታ አፍልቶ ኮዳውን ሞልቶ ያደረ ሰው ጠዋት የሚጠብቀው ሰዓት የለም።

እሳት ለማንደድ ለማይመቸው፣ በጥሩ የእጅ ማጣሪያ አሳልፎ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ መጨመር ይችላል። ክሎሪን ብቻውን ክሪፕቶስፖሪዲየምን ስለማይገድል ማጣሪያው አይዘለልም፤ ብዙዎቹ ማጣሪያዎች ቫይረስ ስለማይዙ ክሎሪኑም አይቀርም። የውሃ አጋር ልክ ለጀሪካን የተሰላ ስለሆነ አንድ ሊትር ኮዳ ላይ ክዳን ሙሉ መገልበጥ አይገባም። በአማራ ክልል ባለው ጦርነት የዘንገና እንግዳ ቀንሷል፤ ሲመለስ ለሚመሩት ልጆች የሚሰጠው ሥልጠና ከብረት ድስት ቢጀምር ይሻላል። የአዮዲኑን ብልቃጥ ጫማ ተረከዝ ለላጠው ያስቀምጡት።