ያረጀ መኪና ሁሉ ወፍራም ዘይት አይጠጣም

ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ በዘይት ሱቅ ደጃፍ የሚሰማው ምልልስ አጭር ነው። «ለቪትዝ የሚሆን ዘይት ስጠኝ።» «የስንት ሞዴል ናት?» «2002።» «አርጅታለቻ ወንድሜ! ሃያ ሃምሳ ውሰድላት።» ሒሳብ ተከፍሎ ጋሎኑ ይነሳል። የሞተሩን ዓይነት የጠየቀ የለም፤ መመሪያ መጽሐፉ ምን ይላል ያለም የለም። ዕድሜዋ ብቻ ተጠይቆ መድኃኒቷ ታዘዘ።

«ያረጀ መኪና ወፍራም ዘይት ይፈልጋል» የሚለው አባባል ከመካኒክ ወደ ረዳት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሕግ ነው። ጭራሽ ውሸት ቢሆን ኖሮ እስካሁን በተጣለ ነበር። ዕድሜ የሰጠው ግማሽ እውነት መሆኑ ነው።

እውነት የሆነው ግማሽ ከላዳና ከዲኤክስ ኮሮላ ዘመን የመጣ ነው። የዚያን ጊዜ ሞተሮች በካርቡሬተር የሚሠሩና በአሠራራቸው ቀለል ያሉ ነበሩ። የብዙዎቹ መመሪያ መጽሐፍም ለሞቃት አየር 20-50ን ይፈቅዳል። ስለዚህ የዲኤክስ ባለቤት 20-50 ቢሞላ ጥፋተኛ አይባልም። ጥፋቱ የሚጀምረው ያንኑ ሕግ ሳይመረምሩ ወደ ቪትዝ ሲያሻግሩት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ «አሮጌ» የሚባሉት መኪኖች የአንድ ትውልድ ልጆች አይደሉም።

ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ ማወቁ ነገሩን ያቀልላል። በጋሎኑ ላይ 5ደብሊው-30 ወይም 20ደብሊው-50 ተብሎ ሲጻፍ፣ ደብሊው የምትወክለው የፈረንጆቹን የብርድ ወቅት ነው። ከእሷ በፊት ያለው ቁጥር ሞተሩ በብርድ ሲነሳ ዘይቱ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ ቶሎ ይደርሳል። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚኖረው ውፍረት ነው። በዚያ ሙቀት የ30 ዘይት ውፍረት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ ሲሆን፣ የ50 ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ሁሉም ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ 50 ከ30 ያነሰ ይቀጥናል ማለት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ማጋነን አያስፈልግም። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የአዲስ አበባ ብርድ ቢቆነጥጥም 20-50ን የሚያረጋ አይደለም። ነገር ግን ወፍራሙ ዘይት ከካርተሩ ተነስቶ ወደ ሞተሩ ራስ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። በእነዚያ ሰከንዶች ብረት ከብረት ይፋተጋል። ከሞቀ በኋላም ሞተሩ ወፍራሙን ዘይት ለመግፋት ጉልበት ያባክናል፤ የጉልበቱ ዋጋ የሚከፈለው ማደያ ላይ ነው።

በቪትዝና በመሰሎቿ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ቪቪቲ-አይ የተባለው የቶዮታ አሠራር የቫልቮቹን መከፈቻና መዝጊያ ሰዓት የሚያስተካክለው በራሱ በዘይቱ ግፊት ነው። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳና በትንሽ ወንፊት ማለፍ አለበት። እዚያ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ የሥራው እጅ ነው። ለቀጭን ዘይት የተሠራን መንገድ በወፍራም ዘይት መሙላት አሠራሩን ያዘገየዋል።

ታዲያ ወፍራም ዘይት ለምን ይወደዳል? ዝም ስለሚያሰኝ ነው። ፋሻው ያለቀ ወይም የቫልቭ ጎሚኒው የደረቀ ሞተር ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል፣ ይንኳኳል። 20-50 ሲሞላለት ጭሱም ድምፁም ለጊዜው ይቀንሳል። ባለቤቱ የዳነ ይመስለዋል። ሊሸጥ የፈለገ ሰው ደግሞ ይህን ጸጥታ ለገዢ ያሳያል። ገዢው ከወራት በኋላ ሞተር ለማውረድ ጋራዥ ሲቆም የሻጩ ስልክ አይነሳም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

ወፍራም ዘይት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሞተሩ ማለቁ ተለክቶ ከታወቀ፣ በሁለት ቅያሪ መካከል ዘይት መጨመር ግድ ከሆነ፣ ወይም መኪናው ጭነት ይዞ ወደ አፋር ቆላ የሚመላለስ ከሆነ አንድ ደረጃ መውጣት ያስኬዳል፦ ከ5-30 ወደ 10-40፣ መጽሐፉ ከፈቀደ። ይህ ግን ምርመራ ተደርጎ የሚሰጥ ሕክምና ነው። የዘይት መብራት ብልጭ ስላለ ብቻ ዘይት ማወፈር ደግሞ የግፊቱን መጠን በመለኪያ ሳያዩ መገመት ነው።

መካኒኮች «ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ በ20-50 ያበላሸሁት ሞተር የለም» ይላሉ። ልምዳቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ይህ ጉዳት በአንድ ቀን አይታይም፤ ሲታይም «አርጅታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሌላው ክርክር ዋጋ ነው፤ የዕለት ገቢውን ለሚቆጥር ሹፌር ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው። ሆኖም ውፍረትና ሲንተቲክ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲንተቲክ ያልሆነ 10-30ም አለ። ይልቅ ርካሹን ጋሎን አዙሮ የኤፒአይን ደረጃ ማንበብ ይበጃል። ኤስኤፍ የሚለው ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች እንደማይስማማ ያወጣው ድርጅት ራሱ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን ያሳስባል? በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ውሳኔው ትክክልም ይሁን ስህተት፣ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ በእጁ ያለችውን አሮጌ መኪና ይዞ መቆየት አለበት። ለብዙዎች እሷ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ናት። ሞተሯ ሲወርድ የሚቆመው መኪናው ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የጃፓን መኪና መጽሐፍ በጃፓንኛ ቢጻፍም ቁጥሩ በማንኛውም ቋንቋ ይነበባል፤ አንዳንዱማ የዘይት መክደኛው ላይ ተቀርጿል። ዘይት ቀያሪው በሚለጥፈው ወረቀት ላይ ከኪሎ ሜትሩ ጎን የሞላውን ቁጥር ይጻፍ። መኪና የሚገዛም ሰው «ምን ዘይት ነው ያለባት?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሻጩ መልስ «ወፍራም» ብቻ ከሆነ ሳይከፍል ያስመርምር። ዕድሜዋን መጠየቅ አይከፋም፤ ነገር ግን ዘይቱን የሚመርጠው ሞተሩ ነው።