ሞምባሳ ላይ ቤተሰብ የት ይብላ?

በዚህ እትም የምንጓዘው ወደ ኬንያ የባሕር ዳርቻ ነው። ለዕረፍት ወደ ሞምባሳ የሚነሣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ትኬቱና ስለ ማደሪያው ነው። ምግቡ ግን በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ ገንዘብም፣ ጤናም፣ የቤተሰብ ሰላምም ይነካል።

በመጀመሪያ እቤት ተነጋገሩ

የሞምባሳ አሮጌው ከተማ ነዋሪ በብዛት ሙስሊም ነው። በአካባቢው ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ሥጋ ሙስሊም ያረደው ነው፤ በብዙዎቹም የአልኮል መጠጥ አይሸጥም። መጠጥ አለመኖሩ አብዛኞቻችንን ደስ ያሰኛል። የሥጋው ነገር ግን በአንዳንድ ቤት ጥያቄ ያስነሣል። ልጆች “ምን አለበት?” ይላሉ፤ አያት ዝም ብለው ሳህኑን ገፋ ያደርጋሉ። ይህ አስተናጋጅ ቆሞ እየጠበቀ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 14 ስለ መብል የጻፈውን ከጉዞው በፊት አንድ ምሽት አብራችሁ አንብቡና ተወያዩበት። የሚበላው በማይበላው ላይ እንዳይስቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ቀድማችሁ ተስማሙ።

ደግነቱ ባሕሩ ለሁሉም የሚሆን ገበታ አለው። “ሳማኪ ዋ ኩፓካ” የሚሉት በከሰል የተጠበሰ፣ የኮኮናት ወተት መረቅ የተቀባ ዓሣ ነው። ከሩዝ ጋር ሲቀርብ አያትም የልጅ ልጅም ከአንድ ሳህን ይበሉታል።

በአሮጌው ከተማ

ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 የገነቡትን የፎርት ጂሰስ ምሽግ ጠዋት ጎብኝታችሁ ስትወጡ ምሳ ሩቅ አይደለም። ቁርስ ያልበላ “ማሃምሪ” ይጠይቅ። ሄልና የኮኮናት ወተት ገብቶበት በዘይት የተጠበሰ፣ ጣፈጥ ያለ ሊጥ ነው፤ “ምባዚ” ከሚባለው በኮኮናት ከተቀቀለ አተር መሳይ ጥራጥሬ ጋር ይበላል። ርካሽ ነው፤ ያጠግባልም። ለምሳ ፒላው ወይም ቢሪያኒ አለ። ፒላው ሩዙ ከሥጋውና ከቅመሙ ጋር አብሮ የሚበስል ሲሆን፣ ቢሪያኒ ደግሞ ወጡ ለብቻው ተሠርቶ ከሩዙ ጋር የሚቀርብ ነው። ዶሮ የሚወዱ ልጆች ካሉ ማካዳራ መንገድ ላይ ያለው ታርቡሽ በፍም በተጠበሰ ዶሮውና በትኩስ ናን ዳቦው የታወቀ ነው። ለልጆች ስታዙ “ቢላ ፒሊፒሊ” በሉ፤ በርበሬ አይግባበት ማለት ነው።

እዚያም እንደ እኛው እጅ ታጥቦ በቀኝ እጅ ይበላል። አለባበሳችሁ ጨዋ ይሁን። በረመዳን ወር ግን ብዙዎቹ ቤቶች ቀን ዝግ ስለሚሆኑ ምሳችሁን አስቀድማችሁ አስቡበት፤ ማታ ሰፈሩ በምግብ ሽታ ይሞላል።

አመሻሽ ላይ

ፀሐይ ስትበርድ የከተማው ሰው ወደ ማማ ንጊና መንገድ ይወጣል። በባሕሩ ዳር ሻጮች ሎሚና በርበሬ የተነሰነሰበት ጥብስ ካሳቫ ያቀርባሉ። ጥሙን የሚቆርጠው “ማዳፉ” ነው፤ ፊታችሁ ተቆርጦ የሚሰጣችሁ የለጋ ኮኮናት ውኃ። በትንሽ ገንዘብ ቤተሰብ ሙሉ የሚደሰትበት ምሽት ይህ ነው።

ራቅ ካላችሁ

በደቡብ በኩል ዲያኒ አለ። እዚያ አሊ ባርቡርስ የሚባለው ምግብ ቤት በኮራል ድንጋይ ዋሻ ውስጥ ነው፤ ዋጋው ወፈር ስለሚል ለጋብቻ በዓላችሁ አቆዩት። ከሞምባሳ በስተ ሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ማሊንዲ ደግሞ ብዙ ጣሊያኖች የሰፈሩባት ናት። አዲሱ ምግብ የሰለቻቸው ልጆች ፓስታና አይስክሬም ሲያገኙ አዲስ አበባ የገቡ ይመስላቸዋል።

እነዚህን አትርሱ

• ሆቴል ስትይዙ የሦስቱንም ምግብ ዋጋ አንድ ላይ ከመክፈላችሁ በፊት የቁርሱን ብቻ ጠይቁ። ምሳውን ከተማ ለመብላት ነፃነት ይሰጣችኋል።

• ዓሣው ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ መሆኑን እዩ። ከፊታችሁ ተጠብሶ በትኩሱ የሚቀርበውን ምረጡ። ውኃ ከታሸገው ጠጡ።

• ሽሪምፕና ሸርጣን ቀምሶ ለማያውቅ ልጅ በመጀመሪያ በጣም ጥቂት ስጡና ጠብቁ፤ አለርጂ የሚያስነሣባቸው አሉ።

• ስንቅ የምትይዙ ከሆነ በሶውንም ጩኮውንም በጨርቅ ከረጢት አድርጉት። ኬንያ ፌስታል መጠቀምን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች።

ከዕረፍት የሚተርፈው ትዝታ አብዛኛውን ጊዜ ከገበታ ዙሪያ የተነሣ ነው። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ከሁሉ አስቀድማችሁ “ሁላችንም አብረን የምንበላው የት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መልካም ጉዞ፣ መልካም ማዕድ!