ከቀበቶ ያዳነ ውሸት



ውድ አንባብያን! ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ገበያ መሆኑን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። በአካባቢው ለሚያድግ ልጅ ግን ቦታው ሌላ ትምህርት ቤትም ነው። ከክፍል ቀርቶ ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ያፈላልጋል፤ ከተገኘ ኮሚሽን ይቀበላል። ወላጅም «መከርኩት፣ ገረፍኩት፤ እግሩ ግን ከዚያ አልቀረም» ብሎ ያማርራል። ለመሆኑ ዱላ ያልመለሰውን እግር ምን ይስበዋል?

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር (1904–1990 እ.ኤ.አ.) የተራበ አይጥ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ዘንግ ሲጫን ምግብ እንዲወርድለት አደረገ። አይጡ ዘንጉን መጫን ለመደ። ጥቅም ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል ማለት ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ምግቡ አልፎ አልፎ፣ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲሰጥ ልማዱ ይበልጥ መጽናቱ ነው። እንዲህ የለመደ እንስሳ ምግቡ ቢቋረጥም ቶሎ ተስፋ አይቆርጥም።

ሰው አይጥ አይደለም፤ የልጁ ነገር ግን ይመሳሰላል። ብዙ ደንበኛ ባዶ እጁን ይሸኘዋል፤ አንዱ ያስገኝለታል። «የሚቀጥለው ይሆናል» የሚለው ተስፋ ቀኑን ሙሉ ያቆመዋል። ገንዘቡ እዚያው እጁ ይገባል፤ የትምህርት ፍሬ ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

ቅጣትስ? ስኪነር በ1938 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ምግብ ከተቋረጠባቸው አይጦች ገሚሱ መጀመሪያ ላይ ዘንጉን ሲጫኑ እግራቸውን ተመቱ። ለጊዜው መጫኑን ቀነሱ፤ ምቱ ሲቀር ግን ተመለሱበት፤ በመጨረሻም የተጫኑት ብዛት ካልተመቱት ጋር ተስተካከለ። ምቱ ልማዱን አፈነው እንጂ አላስረሳውም።

በቤታችን ደግሞ የባሰ ነገር አለ። አባት «የት ዋልክ?» ሲል ልጅ «ትምህርት ቤት» ይላል፤ ውሸቱ ከቀበቶ አዳነው። ልብ በሉ! እዚህ ላይ የተሸለመው ውሸቱ ነው። እውነቱን ተናግሮ በተገረፈ ቀን ደግሞ የተቀጣው እውነቱ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ እውነት የተናገረ ልጅ አይመታ። ጥፋቱ ግን በዝምታ አይለፍ፤ ያመለጠውን ትምህርት ከጨዋታው ሰዓት ቀንሶ ያካክስ።

ሁለተኛ፦ የትምህርትን ሽልማት እናቅርበው። ደብተሩን ማታ ማታ እንይለት፤ የሠራትን ጥቂት ነገር ወዲያው እናመስግን።

ሦስተኛ፦ ሽልማት ጉቦ አይሁን። በ1973 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ መሳል የሚወዱ ሕፃናት ለሥዕላቸው ሽልማት አስቀድሞ ቃል ሲገባላቸው በኋላ ላይ የመሳል ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ለእያንዳንዱ ሱራ ብር መቁጠርም የቂርኣትን ፍቅር ወደ ሒሳብ እንዳይለውጠው ያሰጋል።

አራተኛ፦ ሥራው ራሱ ነውር አይደለም። ትምህርት በሌለበት ቀን፣ በሚታመን ሰው ሥር ሙያውን ቢማር ከመደበቅ ይድናል።

እኛ መምህራንም ከነገሩ ውጭ አይደለንም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። ከዚያ አስቀድሞ ደግሞ አነስ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ፣ ስለ ሠሩት ነገር «ለምን ሠራህ?» ተብለው እንደማያውቁ ተናግረዋል። አነስ ያኔ ልጅ ነበሩ።

ዛሬ ማታ ልጃችሁን የት እንደዋለ ስትጠይቁት፣ እውነቱ ምን እንደሚያስከፍለው አስቀድማችሁ አስቡ። አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።