ከማላዊ ሐይቅ ላይ የሚነሣው “ጭስ” እና የዓሣ ሀብቱ ጥያቄ

በማላዊ፣ በሞዛምቢክና በታንዛኒያ መካከል በተዘረጋው የማላዊ ሐይቅ ላይ፣ በተለይም በጨረቃ ልደት ሰሞን፣ ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር ጭስ የሚመስል ደመና ይነሣል። ደመናው የሚሠራው ከውሃው በወጡ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን የሐይቅ ዝንቦች ነው። ዝንቦቹ ትንኝ ቢመስሉም ደም አይመጡም። ነፋስ ወደ ዳርቻው ሲነዳቸው ነዋሪዎች ይሰበስቧቸዋል፤ ጠፍጥፈውም “ኩንጉ” የተባለ ቂጣ ያዘጋጃሉ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ዴቪድ ሊቪንግስተን እ.አ.አ. በ1860ዎቹ ይህንኑ ደመናና ምግብ በጽሑፉ አስፍሯል።

ዝንቡ ግን ከምግብነት ያለፈ ክርክር አስነሥቷል። ለማላዊ ሕዝብ ዋነኛው የሥጋ ምግብ ዓሣ ነው። ከቀረሶ ወገን የሆነውና በገበያ እጅግ የሚፈለገው ቻምቦ በከፍተኛ የማስገር ጫና ምክንያት ተመናምኗል። ዛሬ ከሐይቁ ከሚወጣው ምርት ትልቁን ድርሻ የያዘው “ኡሲፓ” የተባለው ትንሽ ዓሣ ሲሆን፣ ብዙው ድሃ ቤተሰብ የሚገዛውም እርሱኑ ነው። “ይህ ሁሉ ዝንብ ወደ አየር ከሚበተን ለምን ወደ ዓሣ አይለወጥም?” የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ችግር ነው። መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ የዝንቡን እጭ አኗኗር መረዳት ያስፈልጋል።

እጩ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ አካል ስላለው በውሃ ውስጥ በቀላሉ አይታይም። ከፊትና ከኋላ ጥንድ ጥንድ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ እነርሱን እያሰፋና እያጠበበ ሳይዋኝ ባለበት ጥልቀት ይንሳፈፋል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ2022 እንዳሳዩት፣ እጩ ይህን የሚያደርገው የከረጢቶቹን ግድግዳ አሲዳማነት በመለወጥ ነው።

አዳኝነቱም እንደ አድፋጭ ነው። ሳይነቃነቅ ይጠብቃል፤ የውሃ ቁንጫ ወይም ሌላ ደቂቅ እንስሳ ሲቀርብ የውሃውን ንዝረት ይሰማና በአንቴናዎቹ ቀልጥፎ ይይዘዋል። ታዳኞቹም ዝም ብለው አይበሉም። በሌሎች አገሮች ሐይቆች የሚኖሩ አንዳንድ የውሃ ቁንጫዎች የእጩን ሽታ ሲለዩ ለመዋጥ እንዲያስቸግሩ በማጅራታቸው ላይ እንደ ጥርስ ያለ እሾህ ያበቅላሉ።

እጩ ራሱም ታዳኝ ነው። ስለዚህ ቀን ቀን ዓሦች ሊከተሉት ወደሚቸገሩበት፣ ኦክስጅን ወዳነሰው ጥልቅ ውሃ ይወርዳል፤ በማላዊ ሐይቅ ይህ ጥልቀት 200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሲጨልም ለአደን ወደ ላይ ይወጣል።

ይህን የተመለከቱ አንዳንድ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች እ.አ.አ. በ1980ዎቹ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። የታንጋኒካ ሐይቅ ይህ ዝንብ የለውም፤ በአንጻሩ ብዙ ምርት የሚሰጥ የሰርዲን ዓሣ አለው። ሰርዲኑ ወደ ማላዊ ቢመጣ እጩ የሚበላውን ምግብ ወደ ዓሣ ይለውጠዋል ተባለ።

እ.አ.አ. በ1990ዎቹ በሐይቁ ሰፊ ውሃ ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ግን ሌላ ሥዕል አሳዩ። እጩ ተመጋቢ የሌለው የባከነ ሀብት አይደለም። “ንዱንዱማ” የሚባሉትን ጨምሮ የሐይቁ ነባር ዓሦች ይመገቡታል፤ እነርሱም ተመልሰው በአስጋሪው መረብ ይገባሉ። በሌላ በኩል ሰርዲኑ የሚመገበው ኡሲፓም የሚመገባቸውን ደቂቅ እንስሳት ነው። ስለዚህ መጤው ዓሣ ከዝንቡ ይልቅ የድሃውን ዓሣ ሊጎዳ ይችል ነበር። ሐሳቡም ተግባራዊ አልሆነም።

ጥንቃቄው መሠረት አለው። እ.አ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የገባው የናይል ፐርች ትልቅ የውጭ ንግድ ቢያስገኝም፣ ለበርካታ ነባር የዓሣ ዝርያዎች መጥፋት ዋነኛ ምክንያት ሆኗል። በዚያው ዘመን ወደ ኪቩ ሐይቅ የተወሰደው የታንጋኒካ ሰርዲን ለአስጋሪዎች እንጀራ ሆኗል፤ ነገር ግን የሐይቁ ትልቁ የውሃ ቁንጫ ጠፍቷል። ሁለቱም ውሳኔዎች ከዓመታት በኋላ የሚሻሩ አልሆኑም፤ አንዴ የተራባ ዓሣ ከሐይቅ ተለቅሞ አይወጣምና።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። እንደ ማላዊ ሁሉ ጣና በሌላ ሐይቅ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ ወደ ዝዋይ ሐይቅም እንደ ካርፕ ያሉ መጤ ዓሦች ገብተዋል። የምርት መቀነስ በሚያሳስብበት ጊዜ አዲስ ዝርያ ማስገባት ፈጣን መፍትሔ መስሎ ይታያል። የማላዊ ተሞክሮ ግን ቅደም ተከተሉን ያመለክታል፦ መጀመሪያ በውሃው ውስጥ ማን ማንን እንደሚበላ ማጥናት፣ ቀጥሎም የመረቡን ዓይን፣ የማስገሪያውን ወቅትና የመራቢያ ስፍራውን መጠበቅ። የቻምቦ መመናመን ምክንያቱ ከመጠን ያለፈ ማስገር እንጂ ዝንቡ አይደለም፤ መፍትሔውም መፈለግ ያለበት ከዚያው ነው።