ዕውቀት ስንት ዘርፍ አለው?



በሀገራችን ተማሪ 11ኛ ክፍል ሲደርስ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይመርጣል። ያን ጊዜ በየቤቱ ክርክር ይነሳል። «ጎበዝ ከሆንክ ተፈጥሮ ሳይንስ ግባ» የሚል ወላጅ አለ፤ «የዲን ትምህርት ብቻ ይበቃዋል» የሚልም አይታጣም። የቀደሙት ሊቃውንት ግን ነገሩን እንዴት አዩት?

በ950 እ.ኤ.አ. ያረፉት አል-ፋራቢ ዕውቀትን በአምስት ምዕራፍ ዘርዝረዋል፤ ቋንቋ፣ ሎጂክ፣ ሒሳብና ዘርፎቹ፣ የተፈጥሮና የመለኮት ጥናት፣ በመጨረሻም የአስተዳደር ጥበብ ከፊቅህና ከከላም ጋር። ኢብን ኸልዱን በ1377 በጻፉት «ሙቀዲማ» ደግሞ በሁለት ከፍለውታል፤ ሰው በአእምሮው የሚደርስበትና ከቀደሙት በቅብብል የሚረከበው።

ኢማም አል-ገዛሊ (1058–1111) የግዴታውን ዓይነት ለይተዋል። እያንዳንዱ ሙስሊም ሊያውቀው የሚገባው ፈርዱል ዐይን ነው፤ ጥቂቶች ሲወጡት ከሌላው ላይ የሚነሳው ፈርዱል ኪፋያ ነው። ሕክምናን፣ ሒሳብን፣ እርሻን፣ ሽመናንና ልብስ ስፌትን ሳይቀር ከሁለተኛው መድበዋል። ተማሪው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ በብዙ ከተሞች ሙስሊም ሐኪም መታጣቱንም አጥብቀው ነቅፈዋል።

እንግዲህ ወላጆች፣ «የትኛው መስክ ይበልጣል?» ማለታችንን ትተን፣ «ልጃችን ወደ ምን ያዘነብላል? ማኅበረሰባችንስ ምን ጎድሎታል?» ብለን እንጠይቅ። ሐኪም ያጣ ሕዝብ እንደሚቸገር ሁሉ፣ የሕግ አዋቂና መምህር ያጣም ይቸገራል። ዕውቀት በዘርፍ የተከፈለው ለመማር እንዲያመች እንጂ ልጆቻችንን እንድናበላልጥበት አይደለም።

ወላሁ አዕለም።